የሌሊቱ ፈረቃ ጥፋት

በፔሩ ተራራ፣ አየር በሚያጥርበት፣
ሴሮ ዊልካ በሚሉት፣ ላማ በሚሰማራበት፣
ወፍጮ አለ የብረት፤ ዐለት ነው እህሉ፣
ቀን ከሌት ያጓራል፣ አይጠግብም ከርሡ በሚያጎርሱት ሁሉ።
ዱቄቱ ይወርዳል ከአረፋው ገንዳ፣
መዳቡ በአረፋ ተንጠልጥሎ ሲወጣ እንደ ክቡር እንግዳ፣
የቀረው ጭቃ ነው፣ ወደ ግድቡ የሚነዳ።

ከፋሲካ ወዲህ ግን
ጭቃው መዳብ ሰርቆ ይሄድ ጀመረ፤
ቁጥሩ በየማለዳው ሰሌዳው ላይ በቀይ ተሞነጨረ።
ኢንጂነር ባልታሳር ጠረጴዛ መታ፦
«ሌሊት የሚተኛ አለ! አሻክሮ የሚፈጭ፣ ከእንቅልፉ በቀር የማያውቅ ጌታ!»
ስምም ተጠራ፤ አኒሴቶ ዋይታ።

አኒሴቶ ዋይታ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ያን ወፍጮ ያዳመጠ፣
የኳሱን ማለቅ፣ የውሃውን ማነስ ከድምፁ የመረጠ፣
ጉንጩ በኮካ ቅጠል ያበጠ፣
አልተከራከረም፤ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።
«አልተኛሁም» አለ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር።
ስንብቱም ተጻፈ፤ ፊርማ ብቻ ሲቀር።

ሐሙስ ማታ፣ ከቤተ ሙከራው ጥግ፣ አሮጌው ማይክሮስኮፕ ካለበት፣
ዴልፊና ቾኬ ገባች፣ ማንም ሳይጠራት።
አንድ ጭብጥ ጭቃ ከግድቡ አፍ የዘገነችው፣
አደረቀችው፣ በሙጫ ለወሰችው፣
እስኪጠነክር ጠበቀችው፤
ከዚያ ማሸት ነው፣ ማሸት፤ በሻካራ ወረቀት፣ በለስላሳ ጨርቅ፣
መጨረሻም በአልማዝ ብናኝ፣ ፊቱ እስኪያበራ እንደ ሐይቅ።
(አንዲት ጭረት ብትተርፍ ዐይን ታታልላለች፣
ስንጥቅ ነኝ ትላለች።)

መብራቱን አበራች።
ከላይ የወረደው ብርሃን ከድንጋዩ ነጥሮ ተመለሰ፣
ያ የተናቀ ጭቃ ቀለም ለበሰ።
እርሳሱ ነጭ ነው፤ ፊቱ ላይ ሦስት ማዕዘን ጉድጓዶች፣
በረዶ ላይ ያለፉ ይመስል የወፍ እግሮች።
ፒራይት ገርጥቶ ቆሟል፣ ጠንካራ ነውና ከጎረቤቱ ልቆ፣
ኳርትዙ ጠቁሯል፣ ብርሃኑን ውጦ ደብቆ።

መዳቡስ?
ብቻውን የቆመ ቢጫ ቅንጣት ፈለገች፣
መቶ ቆጠረች፣ አምስት መቶ ቆጠረች፣
ስድስት ብቻ አገኘች።
ሻካራ የለም። ወፍጮው ፈጭቷል፤ ዱቄቱ ልሟል።
ታዲያ የት ገብቷል?

ሌንሱን ቀየረች፣ ዘይት ጠብ አደረገች፣ ትንፋሿን ያዘች።
በዚንኩ ግራጫ ሆድ ውስጥ አየች፦
ቢጫ ጠቃጠቆ፣ ከአቧራ የደቀቀ፣
ከድንጋዩ ጋር የተወለደ፣ ከእናቱ ሆድ ያልተላቀቀ፤
ከጸጉር ክር ሰማንያ እጥፍ የቀጠነ።
የትኛው ወፍጮ፣ በየትኛው ጥርስ ይለየዋል?
ይህ የሆነው ተራራው ሲበርድ ነው፤
ከላማው በፊት፣ ከኮካው በፊት፣ ሰው ሳይፈጠር፣
ስንፍና የሚባል ቃል ሳይኖር።

ዴልፊና ወደ ኋላ ተደገፈች፤ ዐይኗ ውሃ አቅርሯል።
(ከድካም ነው ትላለች እስከ ዛሬ፤ ደግሞስ ማን ይጠይቃል?)

ዓርብ ጠዋት ኢንጂነሩ ብዕሩን ሳያነሣ
«ይዩ» አለችው፤ ሌላ ወሬ ሳታነሣ።
አጎነበሰ። አንዱን ጠመዘዘ፣ ደበዘዘ፤ ሌላውን ጠመዘዘ፣ ጠራ።
ረጅም ጊዜ ቆየ፤ ውጭ ወፍጮው እያጓራ።
ሲቃና ይቅርታ አላለም።
«ከየት ነው የመጣው ይሄ ድንጋይ?» አለ።
«ከምሥራቁ ጉድጓድ። ከፋሲካ ወዲህ።»
ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ አልቀደደውም።

ማታ፣ ፈረቃው ሳይገባ፣ አኒሴቶን ጠራችው፣
ከወንበሩ አስቀመጠችው።
ባርኔጣው ሌንሱን ቢነካ አወለቀው፤ አንድ ዐይኑን ጨፈነ።
ለጊዜው ምንም አልተናገረ፤ ጉንጩ ማኘኩን ተወ።
ከዚያ ቀስ ብሎ፦
«ይሄ ነው እንዴ መልኩ?
ሃያ ሁለት ዓመት በጆሮዬ የማውቀው?»

ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ወፍጮው ወረደ።
ሰሌዳው ላይ ቁጥሩ በማግስቱም ቀይ ነበር።